የአንቴናው መውረድ አዋጅ

በምሥራቅ ለንደን፣ ለሰፈሩ ጸጥታ ሲል እንቅልፍ ያጣ አንድ ምክር ቤት አለ። በሚያስተዳድረው ሕንፃ ሊፍቱ ከቆመ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል፤ የጣሪያውም ፍሳሽ ሰው አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። እነዚህ ግን ጊዜ የሚፈታቸው ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው። ዋናው አደጋ ከሃያኛው ፎቅ በላይ፣ ጣሪያው ላይ የቆመው አንቴና ነበር።

አንቴናው የኩዌኩ ነው። ኩዌኩና ጓደኛው ጀርሜይን በኩዌኩ እናት ወጥ ቤት ሸክላ እያዞሩ፣ ማይክ እየተቀባበሉ፣ ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ራፕ ያሰማሉ። አድማጭ ግጥሙ ሲጥመው ሚስኮል ያደርጋል። ሚስኮሉ ሲበዛ ጀርሜይን ሸክላውን ወደ ኋላ ይመልስና ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለ ስብሰባና ያለ ቃለ ጉባኤ መቆሙ ምክር ቤቱን ሳያሳዝነው አልቀረም።

ስለዚህ የድምፅ ብክለት ኃላፊው ሚስተር ፔትግሩ ስድስት ሠራተኞች አስከትለው ደረጃውን በእግር ወጡና አንቴናውን ነቀሉ። ለኩዌኩም እናት ለወይዘሮ አማ ደብዳቤ ሰጧቸው፤ የአንቴናው ሽቦ ዳግመኛ በመስኮትዎ ሲገባ ከተገኘ ቤቱን በሃያ ስምንት ቀን ይለቃሉ ይላል።

"ሰማህ?" አሉ እናቱ። "ይህን ቤት ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ተራ ጠብቄአለሁ። አንተ 'ዬ ዬ' እያልክ መንገድ ላይ ልትጥለኝ!"

"እሺ እማዬ፣ በቃ ተውኩት።"

ድሉ ለወጣቱ መነገር ነበረበት። ምክር ቤቱ በጋዜጣው አወጀ፤ ወጣቱ ጋዜጣ አያነብም። አዳራሽ አዘጋጀ፤ ሁለት ጡረተኞች ስለ ሊፍቱ ሊጠይቁ መጡ። ከዚያ ጥናት ተጠና። የሰፈሩ ወጣት የሚያዳምጠው አንድ ሬዲዮ ብቻ መሆኑ በጥናቱ ተደረሰበት።

ሚስተር ፔትግሩ ደረጃውን እንደገና ወጡ። አሁን አንቴናውን የተሸከሙት ራሳቸው ናቸው።

"ለአምስት ደቂቃ ስቀለው" አሉት ኩዌኩን እያለከለኩ። "መውረዱን እናውጃለን።"

"እናቴን ብታስወጧትስ?"

"ለማስታወቂያ ሲሆን አትወጣም። ተፈርሟል።"

ተሰቀለ። ሚስተር ፔትግሩ ማይኩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሕንፃ ሕገ ወጥ ሥርጭት አይኖርም!" ጀርሜይን ከንግግሩ ሥር የከበሮ ምት ለቀቀበት። ስልኩ ተንጫጫ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሚስኮል ነው አለቃ። ይደገም እያሉ ነው" አለ ጀርሜይን።

በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ይደገም ያላቸው ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ጊዜ ደገሙት።

የምክር ቤቱ ኮሚቴ የሕዝቡን ፍላጎት አክብሮ ሥርጭቱ እንዲቀጥል ወሰነ። ሚስተር ፔትግሩ ሰኞና ሐሙስ ስለ ቆሻሻ ገንዳ አጠቃቀም ይናገራሉ። የኩዌኩ ግጥም ደግሞ ከሥርጭቱ ስድስት ሳምንት ቀድሞ በሦስት ቅጂ ለኮሚቴው ይቀርባል፤ "ጦርነት" ያለው ቦታ "የሐሳብ ልዩነት" ተብሎ ተስተካክሎለታል። በወሩ ስልኩ ዝም አለ። ወጣቱ ማዶ ካለው ሕንፃ ጣሪያ የሚመጣ ሌላ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር።

ኩዌኩም አንቴናውን ነቅሎ ወደ ማዶ ሊሻገር ጣሪያ ወጣ። ሚስተር ፔትግሩ የሐሙሱን ንግግር እንደያዙ ደረሱበት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሕግ እያከበርኩ ነው አለቃ። ላወርደው ነው።"

ሚስተር ፔትግሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከኪሳቸውም ለወይዘሮ አማ የተጻፈ አዲስ ደብዳቤ አወጡ። አንቴናው ከጣሪያው የወረደ እንደሆነ ቤቱን በሃያ ስምንት ቀን ይለቃሉ ይላል።