የታማሚዎች አፈ ጉባኤ

በአገራችን ብቻውን ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ የለም፤ ካለም ዘመድ ያጣ ምስኪን ነው። ከበሽተኛው ጎን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቀመጣል። ሐኪሙ «ምንዎን ያመዎታል?» ሲል፣ በሽተኛው አፉን ሳይከፍት መልሱን የሚሰጠው ያ ሰው ነው። በየሰፈራችሁ አንድ አለ፣ ታውቁታላችሁ። በጅማ የሄርማታ ሰፈሩ ግን የሁሉም አለቃ ነው።

ክቡር አቶ አብዱልሃዲ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከገበያው ፊት ለፊት ያለ በረንዳ ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ሙያቸው ስፌት ይሁን እንጂ ሹመታቸው ሌላ ነው፤ የሄርማታ ታማሚዎች አፈ ጉባኤ ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም አያወርዳቸውም። የሰፈር ሰው ሲያመው መጀመሪያ በረንዳቸው ላይ ይደርሳል። እሳቸውም መርፌያቸውን ኮሌታቸው ላይ ይሰኩና «ተነስ፣ እኔ አለሁልህ!» ብለው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ።

ከገበያው ጀርባ ባለችው ክሊኒክ የምትሠራው ጤና መኮንን ፈድሊያ፣ ጋሽ አብዱልሃዲን በበሩ ስታይ ገና ከሩቁ ይደክማት ነበር። ከደዶ ወረዳ የመጣ ገበሬ ወክለው ስለ ሆድ ቁርጠት ሩብ ሰዓት ከተናገሩ በኋላ ሰውየው ቀስ ብሎ «ኤዬ፣ የኔ ግን እግሬ ነው» ያለበትን ቀን አትረሳውም። አንዴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ይዘው መጥተው «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ብቻ ማታ ማታ ይረግጠናል» ብለዋል።

ባለፈው ዓመት ክሊኒኩ ታብሌት ላይ የተጫነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አመጣ። ሥራው ራስ ምታትን መለየት ማገዝ ብቻ ነው። በሽተኛው በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ስለ ሕመሙ እንደመጣለት ያወራል። ማሽኑ ወሬውን ጽፎ ያነብና የትኛውን ዓይነት ራስ ምታት እንደሚመስል፣ ቀጥሎም ምን መጠየቅ እንዳለበት ለፈድሊያ ይጠቁማታል። ውሳኔው የሐኪም ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ባለሕመሙ ራሱ ይናገር።

ሕግ? ለጋሽ አብዱልሃዲ? ዕድሜ ልካቸውን «ያሳጥሩት ጋሼ» ሲባሉ የኖሩት ሰው የልባቸውን አገኙ። «አያቋርጥ፣ አይቸኩል፣ ሰዓቱን አያይ! ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሐኪም እስካሁን የት ነበር?» አሉ።

መጀመሪያ ያመጡት ባጃጅ ነጂውን ኡመይርን ነው። ልጁ «ራሴን...» ከማለቱ ተቀበሉት። «ከግራ ጆሮው በላይ ነው ልጄ። ማበጠሪያ ሲነካው እንደ እሾህ ይወጋዋል።» ኡመይር ራሱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ልጅ ነው። ፈድሊያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እሳቸውን አስወጣችና ልጁን እንደገና አስወራችው። በሳምንቱ ቅመም ነጋዴዋን ዙቤይዳን ይዘው መጡ። የዙቤይዳም ከግራ ጆሮ በላይ ሆነ። የግራ ዓይኗንም ለአፍታ መጋረጃ ይጋርዳታል ተባለ፤ ዙቤይዳ ግን ዓይኔን ምንም አላለኝም ብላ ድርቅ አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ሸዋረገጥ ተራቸው ደረሰ። የመዘጋጃ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ደጃፋቸው ከጋሽ አብዱልሃዲ በረንዳ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ጾም አይገድፉም፣ ቅዳሴ አያመልጣቸውም። ገና ሳይቀመጡ አፈ ጉባኤው ጀመሩ።

«ሸዋዬን ከግራ ጆሮዋ በላይ ይወቅራታል። በዚያ ጎኗ ትራስ አትነካም። ጫት ስትቅም ደግሞ መንጋጋዋ ይዝልና ሳትጨርሰው ትተፋዋለች።»

«በስመ አብ!» ወይዘሮ ሸዋረገጥ ከወንበራቸው ዘለሉ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ ጫት ቃሚዋ?»

ፈድሊያ በሳቅ ልትፈነዳ ስትል ታብሌቱ ላይ የወጣውን አየችና ሳቋ ቀረ። «ይህ ታሪክ በዚህ ወር ከገቡ ሁለት ታሪኮች ጋር ይመሳሰላል። የአንድ ሰው ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰውየው ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆነ የጭንቅላት ደም ሥር መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ካልታከመ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።»

ቀና ብላ ጋሽ አብዱልሃዲን አየቻቸው። ከግራ ጆሯቸው በላይ አንድ ደም ሥር አብጦ ይታያል። በየሳምንቱ ስታያቸው ከርማ ይህን አለማየቷ አሳፈራት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መንጋጋው የሚዝለው የማን ነው?»

«ራስ ምታት የያዘው ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል እንዴ?»

«አይደለም ጋሼ። ያ መጋረጃስ የማን ዓይን ላይ ነው?»

ጋሽ አብዱልሃዲ ኮሌታቸው ላይ ያለችውን መርፌ ነካ ነካ አደረጉ። «ክር ሳስገባ... ለአፍታ ጭልም ይልና ይመለሳል። እርጅና ነው ብዬ እንጂ...» አሉና ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ያለ ዓይን ምን ይሆናል?»

ፈድሊያ እጃቸውን ይዛ በቀጥታ ዶክተር ዮኤል ክፍል አስገባቻቸው።

«ምንዎን ያመዎታል?» አለ ዶክተሩ።

ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ! ለሄርማታ ሰው ሁሉ ያልነጠፈው ምላስ ለባለቤቱ ሲሆን ተሳሰረ። ጋሽ አብዱልሃዲ ላባቸውን ጠርገው ወደ ጎናቸው ዞር አሉ። በሌላ ቀን እሳቸው የሚቀመጡበት ወንበር ባዶ ነበር። «እኔን ማን ይዞኝ መጣ?» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ተከትለው የገቡት ወይዘሮ ሸዋረገጥ ወንበሩን ስበው ዘፍ አሉበት።

«እኔ ነኛ! ዶክተር፣ እሱ ምን ያውቃል፣ ታሞ አያውቅ! እኔ ልንገርህ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ቆፊያውን በግራ በኩል ከፍ አድርጎ ነው የሚያጠልቃት። ቆሎ ስሰጠው ኪሱ ይከታል እንጂ አያኝክም። ባለፈው ሳምንት የሰው ጥቁር ሱሪ በነጭ ክር ሰፍቷል፤ ባለቤቱን ፋሽን ነው ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ!»

ሕጉ እንደተጣሰ ፈድሊያ አውቃለች። ግን ዓይኗን እንባ እየሞላው የሚሉትን ሁሉ ጻፈች።

ደም ተወሰደ፣ መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተጀመረ፣ ከዚያም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላኩ። ዓይናቸው ተረፈ። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ እንጃ፣ አለ ዶክተር ዮኤል። የወይዘሮ ሸዋረገጥ ራስ ምታት ደግሞ ራሳቸው ሲናገሩት ጾም በገባ ቁጥር የሚነሳ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ «የጠዋት ቡና ያቆማሉ ወይ?» ብላ ፈድሊያ እንድትጠይቃቸው ጠቆማት፤ ለካ የቡና ሱስ ኖሯል። በቡና አገር፣ በጅማ ምድር ይህን ለማወቅ ማሽን ማስፈለጉ ፈድሊያን እስካሁን ያስቃታል።

ከዚያ አንድ ወር ክሊኒኩ ጭር አለ። በሽተኞች ይመጣሉ፣ «ራሴን» ይላሉ፣ ያበቃል። ፈድሊያ በሩን በሩን እያየች መሆኗን ድንገት ልብ አለች። ጋሽ አብዱልሃዲ ናፍቀዋታል!

በአንድ ሐሙስ ጠዋት በሩ ብርግድ አለ። መርፌዋ ኮሌታቸው ላይ ናት፣ ከኋላቸው አንዲት ያፈረች ሴት አለች።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ! ጻፊ። እኚህን ሴት ከኋላ ከማጅራታቸው...»

ፈድሊያ ጣቷን አነሳች። «ቆይ ጋሼ፣ የማንን ሕመም ነው የሚነግሩኝ?»

«የእሳቸውን ነው ወላሂ!» አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ፣ ወንበራቸውን እየሳቡ። «የእኔንማ የምትናገረው ሸዋረገጥ ናት።»