ውሃ የማይችል አደይ አበባ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የወደፊት አማቴን ቢጫ ቀለም ቀባኋቸው። ያውም በምርቃት መሃል!

እንደምታውቁት አሰላ ፎቶኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲጠፋ ቲክቶክ እያየሁ ወረቀት አጥፌ አበባ እሠራለሁ። ጽጌረዳ በሉኝ፣ አደይ በሉኝ፣ ለእጄ ቀላል ነው። ጉራ እንዳይመስላችሁ። (ይመስላል፣ አውቃለሁ።)

ዛሬ እጮኛዬ ጀማል ገጠር ጢቾ ያሉት ቤተሰቦቹ ጋ ወሰደኝ። አያቱ ካልመረቁን የሰርጉ ቀን አይቆረጥም። እናቱ አዴ ከድጃ ደግሞ "የከተማ ልጅ ናት፣ የእኛን ኑሮ አትችለውም" እያሉ ልባቸው አልረጋም። ባለፈው ሳምንት ደውለው አደይ አበባ ይዛ ትምጣ ብለዋል።

ሜዳው ሁሉ አደይ ሞልቷል። እኔ ግን ለአማቴ የሚጠወልግ ነገር አልወስድም ብዬ አርባ ፍሬ ከቢጫ ክሬፕ ወረቀትና ከሽቦ ሠራሁላቸው!

ለምን እንደፈለጉት ጠየቅሽ ወይ? አልጠየቅኩም።

አዴ ከድጃ አበባውን ከሩቅ አይተው "ጎሽ" አሉኝ። ዓይናቸው ደከም ላለው ለአያቱ ለአባባ በእጄ እንድሰጥ አደረጉኝ። አባባ ከእርጥብ ሳር ጋር ያዙት። ከዚያ ፊታቸው በሳህን ውሃ ቀረበ።

ውሃ?!

ለካ ሳሩና አበባው እየተነከረ ሰው ላይ እየተረጨ ነው የሚመረቀው!

አፌን ልከፍት ስል ጀማል ክንዴን ጨመቀኝ። ሽማግሌ መመረቅ ከጀመረ አይቋረጥም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ "አሚን" ይላል፤ እኔ ብቻ ቀና ብዬ የአባባን እጅ አያለሁ።

ነክረው ረጩ። አሚን። የአዴ ከድጃ ነጭ ሻሽ ላይ ቢጫ ጠብታ አረፈ።

እንደገና ረጩ። አሁን ግንባራቸው ላይ።

በሦስተኛው አንድ አበባ ተገንጥሎ ሄዶ ትከሻቸው ላይ ተለጠፈ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አሚን ይላሉ። እኔም አሚን እያልኩ በሆዴ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ እለምናለሁ።

ምርቃቱ አለቀ። አባባ እጃቸው ላይ የቀረውን ሽቦና ሊጥ የመሰለ ነገር ዳሰሱ። አዴ ከድጃ ሻሻቸውን አወረዱና አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። በቃ፣ ሰርጌ ቀረ አልኩ።

እስካሁን በኦሮምኛ ሲመርቁ የነበሩት አባባ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ "ልጄ፣ ይሄ አበባሽ ውሃ አይችልም። አንቺስ ትችያለሽ?" አሉኝ።

"እችላለሁ አባባ" አልኩ።

አዴ ከድጃ ብድግ ሲሉ ሊያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። የራሳቸውን የጭቃ ቦቲ አምጥተው እግሬ ስር አስቀመጡ።

"በወረቀት የተመረቀ አይቆጠርም። ከቤቱ ጀርባ ሞልቷል፣ ቀጥፈሽ ነይና እንደገና እንጀምራለን" አሉኝ፣ ቢጫ ግንባራቸውን ሳይጠርጉ።

ይኸው ጭቃው ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። ዝናቡ ጀምሯል፣ አባባና ቤተሰቡ ቤት ውስጥ እየጠበቁኝ ነው።

እና እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እውነተኛ አደይ ቀጥፌ አላውቅም። በጥፍር ነው በቢላ?