ባሌ እና ገና ያልወጣችው መኪና

ስለ መኪና ከሁሉም በላይ የሚያውቀው መኪና የሌለው ሰው ነው። ባለመኪናውማ የሚያውቀው ነዳጁ ማለቁን ብቻ ነው። መኪና የሌለው ግን የሞተሩን ጠባይ፣ የጎማውን ቁጥር፣ የበሩን አዘጋግ፣ የፋብሪካውን አለቃ ሐሳብ ሳይቀር ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። የእኔ ዕድል ከእናንተ የሚለየው አግብቼው ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው በመኖሬ ነው።

ስጠራው ክቡር ጠባቂው እላለሁ። እንጀራው አውቶቡስ መንዳት ነበር፤ ጥሪው ግን መጠበቅ ነው። የሚጠብቀው አንዲት መኪና ነው። ሩቅ አገር ያለ የቅንጦት ስፖርት መኪና ፋብሪካ በስንት ዓመት አንዴ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ አገር ለአገር ለመክነፍ የተሠራች መኪና ያወጣል። እነሱ «ጂቲ» ይሏታል። የድሮዋ ጂቲ መሠራቷን ካቆመች ስድስት ዓመት ሆነ። ተተኪዋ «ልትወጣ ነው» ከተባለ ደግሞ አምስት።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዘንድሮ ትወጣለች» ይላል በየዓመቱ።

ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለእሱ አይበቃውም። ባለተረቱ ቢያንስ ላሚቱን የእኔ ናት ብሏል። የእኔው ሰው ግን መኪናዋን እገዛለሁ ብሎ አልሞ እንኳን አያውቅም። አንድ ቀን «በነፃ ቢሰጡህ ምን ታደርጋታለህ?» ብለው ሳቀብኝ።

«የት ልነዳት? ይሄ መንገድ ሆዷን ይቀደዋል» አለ።

ለሆዷ አዝኖ ነው። እኔ ሁለት ልጅ በሆዴ ተሸክሜ በዚሁ መንገድ፣ በእሱው አውቶቡስ፣ ስንገጫገጭ እንዲህ ያለ ሐዘን አላየሁበትም።

ክቡር ጠባቂው ብቻውን አይጠብቅም፤ ማኅበር አለው። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ጎማ በሚጠግነው በጎሚስታው ደጃፍ፣ ባረጁ ጎማዎች ላይ ነው። አባላቱ ሦስት ናቸው። ባሌ፣ ጎሚስታውና ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ለሦስቱም ያለው ተሽከርካሪ አንድ ብስክሌት ነው። እሱም የመምህሩ ነው፤ ሰንሰለት የለውም።

አምና ፋብሪካው አንድ ፎቶ ለቀቀ። ፎቶው ጥቁር ነው። ጥቁር ስላችሁ ድፍን ጥቁር፤ ዳር ላይ ብቻ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። የኋላ መብራቷ ነው ተባለ። እኔ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በዚህች መስመር ሦስት ወር ተከራከሩ። መምህሩ በማስመሪያ ለኩ፣ አባዙ፣ አካፈሉ፣ ከዚያ «ርዝመቷ አራት ሜትር ከሰባ ሁለት ነው» ብለው ፈረዱ።

«ከየት አመጡት ጋሼ?» አላቸው ጎሚስታው።

«ከመብራቱ ስፋት።»

«መብራቱ እኮ ግማሹ ነው የሚታየው።»

«ግማሹን በሁለት አባዛሁታ።»

ጎሚስታው በበኩሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ ጎማ አየሁ አለ። ቁጥሩን ሳይቀር ተናገረ። መምህሩ «ውሸት» አሉት፤ ተኳረፉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባሌ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለዕርቅ ተመላለሰ። የእኔና የእህቱ ጠብ ስድስት ዓመት ሲቆይ አንድ ጊዜ እንኳን ጫማውን አላነሳም።

የእኔ ሥራ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። የሰው ላብ የጠጣ ወንበር ስገፍፍ፣ ስቆርጥ፣ ስሰፋ እውላለሁ። ለእኔ መኪና ማለት ወንበር ነው፤ ወንበር ማለት ደግሞ የጀርባ ሕመም ነው። ቤቴ ስገባ ስለ መኪና መስማት አልፈልግም። ማን ሰምቶኝ። ክቡር ጠባቂው የሞተር ድምፅ በስልኩ ይከፍትና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ስሚው፤ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ነው። አሁን ሦስተኛ ማርሽ ገባ» ይለኛል። ማርሽ በጆሮው የሚለይ ሰው፣ እኔ ወር ሙሉ ስስል ከርሜ «ጎረቤት አሞታል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ስቄበት አልፍ ነበር። ነገሩ የከፋው በስፖኪዮ፣ በጎን መስታወት ነው። በአንድ ወር ውስጥ የአውቶቡሱን የቀኝ ስፖኪዮ ሁለቴ ከግንብ አጋጭቶ ሰበረ። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ዓይን ሐኪም ላከው። ዶክተሯ መርምራ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ግላኮማ ነው። ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል፤ ሰውየው አይታወቀውም» አለችኝ። «ቀኙ ከሞላ ጎደል ሄዷል። ግራው ገና ነው። የሄደውን መመለስ አንችልም፤ ቀሪውን ለማቆየት ግን ቶሎ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።»

ከመሪ አወረዱትና ስምሪት ክፍል አስቀመጡት። የሌሎችን አውቶቡሶች መነሻ በድምፅ ማጉያ ይጠራ ጀመር። ለግራ ዓይኑ ከወር በኋላ ሐሙስ ቀን ቀጠሮ ተያዘለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይኑ ታሽጎ ለጥቂት ቀን ምንም ማየት እንደማይችል ተነገረን።

በሳምንቱ ፋብሪካው መኪናዋ የምትገለጥበትን ቀን አሳወቀ። ያንኑ ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት።

እናንተ የሚሆነውን ገምታችኋል። እኔ አልገመትኩም። ረቡዕ ዕለት ፒጃማውን አጥቤ፣ ፎጣውን አጣጥፌ፣ ቦርሳውን ዘግቼ ስጠብቀው «ቀጠሮው ተዛውሯል» አለኝ። ሆስፒታሉ ያዛወረው መስሎኝ ቦርሳውን ፈታሁት።

ሐሙስ ማኅበሩ በሙሉ ጎሚስታው ደጃፍ ተሰበሰበ። መምህሩ ከረባት አስረው መጡ። ጎሚስታው እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ላይ መጋረጃ ታየ። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ወጥቶ ተናገረና ተመልሶ ገባ። መጋረጃው አልተነሳም።

መምህሩ ተረጎሙት። «ለበለጠ ጥራት ሲባል ቀኑ ተራዝሟል ነው የሚለው።»

«ጥሩ ምልክት ነው» አለ ባሌ። «ከቸኮሉማ ያበላሿታል።»

በሳምንቱ የእሱን አዲስ ቀን ላረጋግጥ ሆስፒታል ሄድኩ። የቀጠሮ ክፍሏ ልጅ መዝገቡን ገለጠች።

«ራሳቸው ናቸው ያዛወሩት። የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ ብለው» አለችኝ።

«የምን የቤተሰብ ጉዳይ?»

«እኔ እንጃ። ሰው የሞተባቸው ነው የሚመስሉት፤ ስለዚህ አልጠየቅኳቸውም።»

የሚቀጥለው ክፍት ቀን ከአራት ወር በኋላ ነበር።

ቤት ስደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞተር ያዳምጣል።

«አንተ ሰው፣ ዓይንህን በመኪና ለወጥክ?»

«አልለወጥኩም። አቆየሁት እንጂ።»

«ለማን?»

«ስሚማ። ቀዶው ቢበላሽስ? ደህና ዓይን እያለኝ አንዴ ልያት ብዬ ነው። አምስት ዓመት ጠብቄያታለሁ።»

«እኔንስ ማየት አያምርህም?»

«አንቺን እኮ በቃሌ አውቅሻለሁ።»

ይህን የተናገረው እንደ ሙገሳ ነው። ሳህን አልሰበርኩም፤ ሳህኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ግን አላናገርኩትም። እሱም ዝምታዬን አላስተዋለም ልላችሁ ነበር፤ አስተውሏል። ሁለቴ ሻይ አፍልቶልኛል። ሁለቴም ከስኒው ጎን ነው የቀዳው።

በአራቱ ወር ውስጥ ዓይኑ እንደተባለው ጠበበ። በር ሲያልፍ ትከሻው ይጋጫል። ጎኑ ቆሜ ስናገር ይደነግጣል። ማንበብም ስላቃተው፣ መምህሩ ስለ መኪናዋ የሚወራውን እየተረጎሙ ደብተር ላይ ይጽፉና ይልኩለታል፤ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ውላ፣ ሽንኩርት እየከተፈች «የክብደት ስርጭቷ ከፊት አርባ ስምንት ከመቶ» ስትል አስቡት።

«ቀስ በይ» ይለኛል። «ስለ ፍሬኗ የሚለውን ድገሚልኝ።»

እደግምለታለሁ፤ በንዴት። በንዴት የተነበበ ነገር ደግሞ ከጭንቅላት አይወጣም።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን ሲቀረው መምህሩና ጎሚስታው ፊታቸው ጠቁሮ ቤታችን መጡ። ፋብሪካው አዲሱን ቀን አሳውቋል። ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የባሌ ቀዶ ሕክምናም ሰኞ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ይገባል።

እኔ ንግግሬን አዘጋጀሁ። በአራት ወር ውስጥ የተጠራቀመ ብዙ ነገር ነበረኝ። ከወላጆቹ ልጀምር ነበር።

«እኛ እናይልሃለን» አለው ጎሚስታው።

«እናንተ አታዩም፤ ትከራከራላችሁ» አለ ባሌ። ከዚያ ፊቱን እኔ ወዳለሁበት አካባቢ አዞረ። «ሆስፒታሉ ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?»

«ስምንት።»

«እሺ።»

አልማለም፣ አልተከራከረም። ንግግሬ አፌ ውስጥ ቀረ። አንጀቴን በላኝ እንዳልላችሁ፣ በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው አንጀት የመብላት መብት የለውም ብዬ አምናለሁ። ያን ዕለት ግን ደብተሩን ሳይጠይቀኝ አነበብኩለት።

ሰኞ ስምንት ሰዓት አስገቡት። ኮቱንና ስልኩን ለእኔ ሰጥተውኝ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ወንበሩ የፕላስቲክ ልብስ ለብሷል፤ የተሰፋው በችኮላ ነው። ከአጠገቤ በሩን የሚጠብቅ ወጣት ጥበቃ ቆሟል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የማስታወሻ ደወሉን ቤታችን በመጡ ዕለት ጎሚስታው ሞልቶለት ነበር፤ ሳይጠፋ ቀርቷል። ላጠፋው አወጣሁት። ስነካው ስርጭቱ ተከፍቶ መጋረጃው ታየ።

አንድ ሰው ሊያያት ይገባል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መጋረጃው ተነሳ። ኮፈኗ ረጅም ነው፤ ማለቂያ የለውም። ጣሪያዋ ከመሪው በላይ ጀምሮ እየወረደ ሄዶ ኋላዋ ላይ ያርፋል። ቀለሟ የደረቀ ወይን ዓይነት ነው። በሯን ሲከፍቱት ወንበሮቿ ታዩ። ስፌቱን በዓይኔ ተከተልኩት፤ አንድ ክር ከመስመር አልወጣም።

ጥበቃው በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ኖሯል።

«ታምራለች፣ እናቴ» አለ። «ኋላዋ ግን ትንሽ አልከበደም?»

ዞሬ አየሁት።

«ምኑ ነው የከበደው? በሦስት መቶ ስትበር መሬት ላይ የሚይዛት እሱ አይደል? ያንን ቀንሰህ መታጠፊያ ላይ ገደል ልትከታት ነው? ደግሞ ክብደቷን ከፊትና ከኋላ አይተህ አመዛዝነሃል?»

«ኧረ እኔ እንዲያው…»

«እንዲያው አይባልም። አምስት ዓመት የተደከመባት ናት።»

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ባለመኪና ነሽ?»

«በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።»

አሥር ሰዓት ላይ ዶክተሯ ወጣች። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆኗል አለችኝ። የቀረው ይቆያል። በእነዚህ አራት ወራት የሄደው ግን ሄዷል፤ አውቶቡስ አይነዳም፣ ጋዜጣም አያነብም። በቀን ብርሃን መንገዱን ያያል፣ የሰው ፊት ያያል፤ ሁሉንም ግን በጠባቡ። ይህን በልኩ ነገረችኝ፤ እኔም በልኩ ሰማሁ። ያለቀስኩት በኋላ ነው፤ ስለዚያ አልጽፍም።

በተሽከርካሪ አልጋ አወጡትና ክፍል እስኪዘጋጅ መተላለፊያው ላይ አቆሙት። ግራ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ታሽጓል። እጁን ያዝኩት። ሰዓቱን እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በሰዓት የነዳ ሰው ነው። አልጠየቀኝም። ለመጠየቅ አፍሮ ነው።

«ወጣች» አልኩት።

ጣቶቹ እጄ ውስጥ ቆሙ።

«አየሻት?»

«አየኋት።»

«አንቺ?»

«እኔ። ሌላ ማን አለህ?»

ከኮፈኗ ጀምሬ ነገርኩት። መብራቷን፣ የጎማዋን ቁጥር፣ የጣሪያዋን አወራረድ፣ የበሯን አዘጋግ። ወንበሮቿ ላይ ስደርስ ብዙ ቆየሁ፤ እዚያ ላይ የሚያርመኝ የለም። ስጨርስ ደረቅ ከንፈሩን አረጠበና «እስቲ እንደገና፣ ከፊት ጀምሪልኝ» አለኝ። ጀመርኩለት። አሁን በንዴት አልነበረም፤ ብዙም ግን አትመኑኝ።

ጥበቃው ቀስ እያለ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ ያዳምጠን ነበር። በሦስተኛው ዙር ላይ ጉሮሮውን ጠረገና «ይቅርታ አባቴ፣ ይሄ ኋላዋ ግን…» ብሎ ሲጀምር፣ ባሌና እኔ ባንድ አፍ «አልከበደም» አልነው።