የጋሽ ባጫ ስምንተኛ ዶክተር

አንድ ልጅ ሕክምና ማጥናት እፈልጋለሁ ካለ፣ ዩኒቨርሲቲው ሳያውቅ ዶክተር አድርጎ የሚሾመው ሰው በየትኛውም ከተማ አይጠፋም። አዳማ ላይ ይህ ሥልጣን በክቡር ጋሽ ባጫ እጅ ነው። ጋሽ ባጫ የመቂ ሚኒባሶች ተራ አስከባሪ ናቸው፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ ጨጓራቸው ተሿሚዎቻቸውን ያማክራሉ። እስካሁን ሰባት ሾመዋል። አንዱ ዛሬ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው ግን ስለ ግፊታቸው አሁንም የሚጠይቁት እሱን ነው።

ስምንተኛዋ ቦንቱ ናት። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተሯን ጨርሳ ለእረፍት ስትመጣ በባዮሎጂም በኬሚስትሪም ሲ ይዛ ነበር። ሕክምና የሚመደቡት በዓመቱ መጨረሻ ውጤታቸው ከላይ የሆነ ብቻ ናቸው፤ የቀራት ደግሞ አንድ ሴሚስተር ነው። ይህን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። እናቷ መቂ ላይ ለሽንኩርት ጫኞች ምሳ ስለምትሸጥ፣ ቦንቱ በየጠዋቱ ልታግዛት ትሄዳለች። በየጠዋቱም ጋሽ ባጫ እጅ ትወድቃለች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ዶክተር! ጋቢናውን ልቀቁላት!»

አንገቷን ደፍታ ትገባለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮቱን ተደግፈው ይጠይቋታል። እግር ለምን ያብጣል? አንድ ሰው ሲያዛጋ ሌላው ምን አግብቶት ያዛጋል?

በሦስተኛው ቀን «ሲያልበኝ ቆይቶ የሚበርደኝ ለምንድን ነው?» አሏት።

ይህን ቦንቱ ከነገጹ ታውቀዋለች። የሸመደደችውን እንግሊዝኛ አንበለበለችው።

«እሱ የመጽሐፉ ነው» አሉ ጋሽ ባጫ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ያንኑ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ደገመችው። ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ነጋዴዋ ዋፊቃ ሳቀች። «ኧረ ጋሽ ባጫ፣ መሳፈሪያ ነው ፈተና ጣቢያ?»

ቦንቱ እንባዋ መጣ። «ዶክተር አይበሉኝ፣ ጋሽ ባጫ። ሲ ነው ያመጣሁት።»

ሰውየው አልደነገጡም፤ ነገሩን ማወቅ ፈለጉ እንጂ። «ሲ ስንተኛ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

«ታዲያ ወረፋ ውስጥ ነሽ! ሦስተኛ ተራ የያዘ መኪና ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ይልቅ ላቡን ንገሪኝ።»

«ላቡ ሲደርቅ የገላዎን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።»

«ወዴት?»

እስከ ሞጆ ድረስ አሰበችው። ለካ ያን ሁሉ ወር ስትሸመድድ፣ አንድም ጊዜ «ወዴት?» ብላ አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ተዘጋጅታ መምጣት ጀመረች። ስለ ኩላሊት ከዋፊቃ ጋር ተከራከረች። አንድ ሽማግሌ የደምን ዝውውር ሳልጨርስ አልሄድም ብለው የሚቀጥለውን መኪና ጠበቁ። ግቢ ስትመለስ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋን ሀኒያን ተሳፋሪ አድርጋ በየማታው ትምህርቱን ታስረዳት ጀመር። ማስረዳት ሲያቅታት፣ ዓይናፋሯ ቦንቱ ራሷ የመምህሩን ቢሮ አንኳኳች፤ አልገባኝም አለች፤ በማግስቱም ደግማ አንኳኳች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከአንድ ቢ በስተቀር ሁሉም ኤ ነበር።

ምደባው በወጣ ቀን ስሟን ሕክምና ሥር አገኘችው። መጀመሪያ መደወል የነበረባት ለእናቷ ነው። ጣቷ ግን ሌላ ስም ነካ።

«ጋሽ ባጫ፣ ሕክምና ደረሰኝ።»

በስልኩ ውስጥ አንድ ሹፌር «ጋሽ ባጫ፣ ሞልቷል እኮ! እንውጣ?» ይላል። ጡሩምባ ተነፋ። ተሳፋሪ ጮኸ። በሃያ ዓመት ሥራቸው የሞላ መኪና ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አቁመው የማያውቁት ሰው፣ ይህን አቆሙት፤ ቦንቱ ጆሮ የሚደርሰው ከባድ ትንፋሻቸው ብቻ ነበር። እሷም ስልኩን አልዘጋችም።