የመጀመሪያው ጠብታ ስለ መሰረዙ

ከኡሜዮ ከተማ በስተሰሜን፣ የሁለት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ርቃ በምትገኘው ከተማችን ታላላቅ ነገሮች አዘውትረው አይከሰቱም። ስለዚህ ጤና ጣቢያችን ባለፈው ጸደይ የመጀመሪያውን የደም ጠብታ በሰረዘ ጊዜ፣ አንድ ሰው ይህን መመዝገብ ይኖርበታል ብዬ አሰብኩ። እኔ እዚያው መቀበያው መስኮት ላይ የምቀመጥ፣ ብዙ የማልናገር ሠራተኛ ነኝ።

ስኳር ለመለካት ደም የሚወሰደው ከጣት ጫፍ ነው። ነርሷ ማይ-ብሪት ይህን ሥራ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። የቀለበት ጣትን ጎን ጠቅ ታደርጋለች፤ የመጀመሪያውን ጠብታ በጥጥ ትጠርገዋለች፤ ሁለተኛውን ትወስዳለች። የመጀመሪያው ጠብታ ቆዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ አይታመንም። ይህ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ፣ በየቀኑ ከየታካሚው አንድ አንድ ጠብታ ደም ጥጥ ላይ እየባከነ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም።

ያስተዋሉት ዳይሬክተራችን ፎልኬ ናቸው። ፊት ለፊት ስንገናኝ እንደ ማንኛውም ሰው «አንተ» ነው የምንላቸው፤ በጽሑፍ ግን ክብራቸውን ማጓደል አልፈለግኩም። የብክነት ቅነሳ የሥራ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ስድስት ጊዜ ተሰበሰበ፤ ስድስት ጊዜም የቀረፋ ዳቦ በላ። ከዚያም አንድም ሰው ቅር ሳይለው የሚከተለውን ወሰነ፦

«የመጀመሪያው ጠብታ ለምርመራ እንደማይውል በጥናት ስለተረጋገጠ ከሰኞ ጀምሮ ተሰርዟል። ናሙና መውሰድ በቀጥታ ከሁለተኛው ጠብታ ይጀመራል።»

ማይ-ብሪት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ፎልኬ፣ ሁለተኛው ያለ አንደኛው ከየት ይመጣል?»

«መቀበያው ላይ ያለውን የወረፋ ማሽን ታውቂዋለሽ?»

«አሳምሬ።»

«ቁጥር አንድ ተጠርቶ ካልቀረበ ማን ይገባል?»

«ቁጥር ሁለት።»

«በቃ፣ ይኸው ነው!»

እኛ ጋ ወረፋ ከተጠቀሰ ክርክር ያበቃል። ማይ-ብሪትም ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ሰኞ ዕለት ለአዲሱ አሠራር ምረቃ ተደረገ። ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት የቀረፋ ዳቦ በትሪ መጣ፤ ቦታ ስለጠፋ ትሪው ደም መውሰጃው ክፍል ውስጥ ያለው የእጅ መታጠቢያ ላይ ተደላደለ። ፎልኬ በገዛ እጃቸው ለሁሉም አደሉ። ስለ ዘላቂነትም አጭር ንግግር አደረጉ፤ አጭር ያልኩት ዳቦው ከንግግሩ በፊት ስላላለቀ ነው።

የመጀመሪያው ተረኛ ሲክስተን ነበር። ሃያ ዓመት የኡሜዮን አውቶቡስ የነዳው እሱ ነው። የስኳር ውጤቱ በዚያው ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መድረስ ነበረበት፤ ካልደረሰ ወይም ከፍ ካለ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል። ዳቦውን እያላመጠ ገባ።

«እጅህን ታጠብ» አለችው ማይ-ብሪት።

«የት ልታጠብ? ዳቦው ላይ?»

መታጠቢያውን አየች። ጣቱን በአልኮል ወለወለችለት፣ ጠቅ አደረገችው፣ ብቅ ያለውንም ጠብታ በመመሪያው መሠረት ሁለተኛ ነው ብላ ወሰደችው። የስኳር መለኪያው ማሽን ሃያ ሁለት አለ፤ በእኛ አለካክ የጤነኛ ሰው አምስት ወይም ስድስት ነው።

«ሃያ ሁለት? አምና እኮ አምስት ነበርኩ! ይሄ ማሽንሽ አብዷል።»

«ማሽኑ ደህና ነው። የለካው አልኮሉ ያላነሳውን፣ ጣትህ ላይ የቀረውን የዳቦ ስኳር ነው። ቆይ፣ ይሄን ልጥረገውና የሚቀጥለውን ልውሰድ።»

ፎልኬ በር ላይ ቆመው ነበርና እጃቸውን አነሱ።

«የሚቀጥለው ስንተኛ ነው?»

«ሁለተኛ ነዋ።»

«ሁለተኛውን ወስደሻል፤ ራስሽ መዝግበሽዋል። ይሄ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ ጠብታ የሚባል ነገር መመሪያው ውስጥ የለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አውቶቡሴን እኮ ነው የምትቀማኝ!» አለ ሲክስተን ብድግ ብሎ። «ነገ ጠዋት ሰዉን ማን ሊወስደው ነው? አንተ?»

«እኔ ምንም አልቀማሁህም፣ ሲክስተን» አሉ ፎልኬ ከልብ በመነጨ ሐዘኔታ። «ሰውነትህ ነው።»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል ይላል። ሲክስተን ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አገላበጣቸው። ማይ-ብሪት ጥቂት አሰበች።

«ልክ ነህ፣ ፎልኬ። እኛ ሠራተኞቹ ነን ያልገባን። እስቲ በምሳሌ አሳየን፤ ቁጭ በል።»

ፎልኬ ለምሳሌነት ሲጠሩ እምቢ ብለው አያውቁም። ተቀመጡ፣ ዳቦ ሲያድሉበት የዋሉትን እጅ ዘረጉ። ጠቅ፤ ጠብታ፤ ማሽኑ። ማሽኑ ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ከመለኪያው በላይ» ብሎ ጻፈ። ማይ-ብሪት ስልኩን አነሳች።

«ማን ጋ ነው የምትደውይው?»

«አምቡላንስ። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ታካሚው ይተኛል፣ አምቡላንስ ይጠራል። መመሪያ ነው። ተጋደም።»

«ደህና ነኝ እኮ! የዳቦው ስኳር ነው! ጥረጊውና ድገሚው!»

«ሦስተኛ ልውሰድ?»

ፎልኬ ጣታቸውን፣ ከዚያም ስልኩን አዩ።

«አይዞህ» አለ ሲክስተን ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ። «ሰውነትህ ነው።»

በጤና ጣቢያችን ታሪክ ያለ ስብሰባና ያለ ዳቦ የተላለፈው ብቸኛ ውሳኔ ያኔ ተጻፈ። ፎልኬ እስክሪብቶ ተቀብለው፣ የተወጋ ጣታቸውን ከወረቀቱ እያራቁ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «በተገኘው አዲስ ልምድ መሠረት የመጀመሪያው ጠብታ እንደተሰረዘ ይቆያል። ሁለተኛው በጥጥ ይጠረጋል። ናሙና ከሦስተኛው ይወሰዳል።»

ማይ-ብሪት ስልኩን መልሳ አስቀመጠች፤ ትሪው ከመታጠቢያው ተነሣ፣ ሁለቱም እጃቸውን ታጠቡ። ፎልኬ ስድስት፣ ሲክስተን አምስት ሆኑ። የሲክስተንን ውጤት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን የላክሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ቁልፎቹን እያቃጨለ ወጣ።

በማግስቱ ፎልኬ አሠራሩን ሊገመግሙ መጡ። ማይ-ብሪት የአንዲት ሴትዮን ጣት ጠቅ አደረገች፣ ብቅ ያለውን ጠብታ በጥጥ ጠረገችው፣ የሚቀጥለውን ወሰደች። ፎልኬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

«አየሽ፣ ማይ-ብሪት» አሏት፣ «ለውጥ የሚከብደው እስኪለመድ ነው።»