የማክሰኝቱ ማኅበር ሲዋሐደን

ስለ ኅብረት ሥራ የሚናገር ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይል ከመድረክ አይወርድም። እኔም ስል ኖሬአለሁ፣ አልደብቃችሁም። ተረቱ ግን ለማበር የተስማሙት ድሮች በሆዳቸው ምን እንደሚያስቡ አይነግረንም። እኔ ልንገራችሁ፤ እያንዳንዱ የሚመጣው ሌላውን ሊውጥ ነው። አፉ «እንዋሐድ» ይላል፣ ጉሮሮው ይሰፋል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምንቆጥብበትና የምንበደርበት አንድ ማኅበር ጎንደር አራዳ ላይ ነበረን። ባለቤቶቹ እኛው አባላቱ ነን። ባለቤት ስለሆንንም ስብሰባ አንሄድም፤ የገዛ ቤቱን ማን በቀጠሮ ይጎበኛል? ብድር ላይ ግን ታታሪዎች ነን። ለምን እንደምንበደር ቅጹ ሲጠይቀን ሁላችንም «ለቤት እድሳት» ብለን እንሞላለን። እንደ ቅጻችን ቢሆን ኖሮ ጎንደር ውስጥ የተሰነጠቀ ግድግዳ አይገኝም ነበር። እውነቱን ካላችሁኝ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለቴሌቪዥን፣ አንዱም የሌላ ብድር ሊከፍልበት ነው የሚወስደው። ጸሐፊውም ያውቃል፣ እኛም ማወቁን እናውቃለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

እኔ የፈለግሁት ማኪና ነበር። ቤቴ ፀዳ፣ ቢሮዬ አራዳ፤ በታክሲ ሰልፍ እግሬ አልቋል። አንድ ወዳጄ የሚሸጣት አሮጌ ማኪና ነበረችው፤ በልቤ ገዝቻት፣ አጥቤአት፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ መስጠት ጀምሬአለሁ። ቅጹ ላይ ያው «ለጣሪያ እድሳት» ብያለሁ። ለባለቤቴ ለአለምነሽም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ጣሪያችን በእርግጥ ያፈሳል። ገንዘብ ከተረፈ እናየዋለን ብዬ ኅሊናዬን አባብዬ አስተኝቼዋለሁ። ችግሩ፣ ከመበደር ብዛት የማኅበሩ ካዝና ባዶ ነበር።

በዚህ መሐል ከጎንደር ዝቅ ብላ ያለችው የማክሰኝት ከተማ ማኅበር ተገኘ። አባላቱ ገበሬዎችና የእህል ነጋዴዎች ናቸው፤ ብዙ ይቆጥባሉ፣ ጥቂት ይበደራሉ። ከዚህ የተሻለ ሙሽራ ከየት ይመጣል? መሪዎቻችን ክራቫታቸውን አስረው ወረዱና ስለ ውህደት ጥቅም አስረዱ። ማክሰኝቶች ሳያስቸግሩ ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ብድር የሚፈቀደው በእነሱ ሥርዓት እንዲሆን። ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሆነ ከእኛ ወገን የጠየቀ የለም። የመክፈቻ ጸሎት መስሎን ነበር።

የመጀመሪያው የጋራ ጉባኤ ቀን መጣ። እንዲህ ባለ ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በሰው እንጂ በገንዘብ አይደለም። የኛዎቹ «ሌላ ስብሰባ ላይ ነኝ» እያሉ ቀሩ። እነሱ ግን ባልና ሚስት እየሆኑ በጭነት ማኪና ሞልተው መጡ። ምሳ ሳይደርስ ኮሚቴው በሙሉ የማክሰኝት ሰው ሆነ፤ ሊቀ መንበሩ ጋቢያቸውን የደረቡ፣ ጤፍ በመነገድ ያረጁ አያ ፈንታሁን። ልንውጥ ሄደን ተዋጥን። እኔ ግን ግድ አልነበረኝም፤ ከብድር ጠያቂዎች የመጀመሪያው ስም የኔ ነው። ማክሰኝቶቹ ብድር የጠየቅነውን ሁሉ አስቀድመው «ባለቤታችሁን ይዛችሁ ኑ» ሲሉንም ለምሳው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስሜ ተጠራና ሁለታችንም በጉባኤው ፊት እንድንቆም ተደረግን። ሥርዓቱ ይህ ነበር። አያ ፈንታሁን ቅጹን አስነብበው ሰሙ፣ እኔን ግን አላዩኝም።

«እታለም፣ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አለምነሽ ነጠላዋን አስተካክላ አውቃለሁ አለች። ከዚያ በቤታችን ተናግራው የማታውቀውን ሁሉ ዘረዘረችው። የልጆቹ አልጋ ከግድግዳ ግድግዳ እንደሚዞር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳህንና ባልዲ ሲቀያየር እንደሚከርም፣ ትንሿ ልጃችን በእርጥበቱ ሳል እንደለመደባት። እኔን ሥራ ውሎ ደክሞታል ብላ እንደማትቀሰቅሰኝም ተናገረች።

«ዘንድሮ ግን ሳልጠይቀው ራሱ ልበደር አለኝ» ብላ ወደ እኔ ዞረችና ፈገግ አለች።

አፈርኩ። የምር አፈርኩ። ያቺ አሮጌ ማኪና ከልቤ ግቢ ቀስ ብላ ስትወጣ ታወቀኝ።

«አንተስ ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው?» አሉ አያ ፈንታሁን።

«አዎ አያ። ለጣሪያው ነው» አልኩ። ቅጹ ላይ ስጽፈው ውሸት ነበር፤ ስናገረው ግን እውነት ሆኖ ወጣ።

«ሸጋ ነው» አሉ። ገንዘቡን አለምነሽ ፈርማ እንድትቀበል፣ ሁለት አባላትም ቆርቆሮውን አብረዋት እንዲገዙ ተወሰነ። ከኔ ቀጥሎ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሦስት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሚስቶቻቸውን አየት አደረጉና፣ ስልክ የተደወለላቸው መስለው አንድ በአንድ ወጡ። ቅጾቻቸውን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ሲጥል አለምነሽ ከልማድ ብድግ ብላ ባልዲውን አነሣች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ልጃችን ምንጣፉ ላይ ተኝታለች፣ ሳሉም የለ። እንዲህ ያለ ሰላም በቤቴ ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ደስ አለኝ።

«ያችን ማኪና ማን ገዛት?» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ስለ ማኪና አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬላት አላውቅም።

«ሰው ገዛት» አልኳት። ከዚያ በኋላ ዝናቡን አብረን አዳመጥን።