የሐይቁ ጭቃ ላይና ታቹ የተወሰነበት ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት
ቦታ፦ የሐይቅ ጥበቃ ኮሚቴ ቢሮ፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ የቀድሞው ሰብሳቢ፣ ዓሳ ነጋዴዋ እትዬ። ለምልአተ ጉባኤ አንድ ሰው ስለጎደለ የበሩ ጥበቃ ገብቶ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ በሩ ክፍት ቀርቷል።

አጀንዳ 1፦ ከሐይቁ ወለል በቱቦ ስለወጣው ጭቃ

ጭቃውን ያወጣችው ተመራማሪ እስክትመጣ ጊዜ እንዳይባክን ሰብሳቢው ራሳቸው ማብራሪያ ሰጡ። ጭቃ በየዓመቱ እየተደራረበ ስለሚዘቅጥ የታችኛው አሮጌ፣ የላይኛው አዲስ መሆኑን፣ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ደግሞ ለዓመታት የማይበሰብስ ፀረ ተባይ መርዝ በብዛት የተገኘበት መሆኑን ገለጹ። ቀዩ ከታች ስለታየ መርዙ የገባው በቀድሞው ሰብሳቢ ዘመን ነው ብለዋል። የቀድሞው ሰብሳቢ ስማቸው በጭቃ መለወሱን አጥብቀው ተቃወሙ።

እትዬ፣ የማንም ዘመን ይሁን፣ ሐይቁ ዳር ያለው አሮጌ የመርዝ መጋዘን ከክረምቱ በፊት ይነሳልኝ፤ የልጅ ልጆቼ የሚያድጉት በዚህ ዓሳ ነው አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ መጋዘኑ እንዲነሳ፣ የቀድሞው ሰብሳቢም እንዲወቀሱ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ድንገተኛ

ተመራማሪዋ ገብታ ቱቦውን እንዳየች "ጋሼ፣ ማነው የዘቀዘቀው?" አለች። ጥበቃው ለስላሳ መጠጡን ወደ ማቀዝቀዣው ሲያስገባ ቱቦውን አውጥቶ በሰፊው ክዳን በኩል እንዳቆመው አመነ፤ "እንዳይወድቅ ብዬ ነው" ሲልም አስረዳ። ቱቦው ሲቃና ቀዩ አናት ላይ ወጣ። የቀድሞው ሰብሳቢ "እሰይ፣ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ!" ብለው ወንበራቸውን ወደ ፊት አስጠጉ። ተመራማሪዋ የመጋዘኑ ጣሪያ በአሁኑ ሰብሳቢ ዘመን ከፈረሰ ወዲህ መርዙ በየዝናቡ ወደ ሐይቁ መታጠቡን ተናገረች።

ሰብሳቢው "ጭቃ ደግሞ ምን አፍ አለው?" ካሉ በኋላ የትኛው ጫፍ ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ በድምጽ ብልጫ እንዲወሰን ጠየቁ። ጥበቃው የሰብሳቢውን ፊት አየ፣ የቀድሞውንም ፊት አየ፣ ቱቦው ይጋደም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ወቀሳው ስለሚነሳላቸው የቀድሞው ሰብሳቢም ደገፉት። የተጋደመ ነገር ላይም ታችም የለውም፤ ስለዚህ ጥፋተኛ የለም፤ ጥፋተኛ ከሌለ መጋዘኑ አይነሳም፤ ዓሳውም አያሰጋም ተብሎ በሦስት ድምጽ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ምሳ

እትዬ ያመጡትን የተጠበሰ ዓሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከመጋዘኑ ሥር የተጠመደ መሆኑን አስታወቁ። "አያሰጋም ብላችሁ የለ? እስቲ ጉረሱ!" አሉ። የቀድሞው ሰብሳቢ ቁርሳቸው ገና እንዳልወረደላቸው ገለጹ። ጥበቃው በሩ ክፍት መሆኑ ትዝ አለው። ሰብሳቢው አንድ ቁራጭ አንስተው፣ አገላብጠው አይተው፣ መልሰው አስቀመጡ።

እትዬ "ልጆቹ ትናንት የበሉት ይሄንኑ ነው። ሌላ የላቸውም" አሉ።

ሰብሳቢው እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው ስልካቸውን አወጡ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ወቀሳውም መጋደሙም ጭምር፣ ተሽሯል። መጋዘኑን የሚያነሱ ባለሙያዎች አሁኑኑ እንዲጠሩ ሆኖ ሰብሳቢው ራሳቸው ስልክ ደውለዋል።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ቱቦው በትክክለኛው ጫፉ ቆሟል። ዓሳው እንደቀረበ ነው።